ያገለገለ መኪና አመራረጥ

አዲስ መኪና ለመግዛት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው የሚገዛው ሌላው ሲነዳው የቆየውን፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈውን መኪና ነው። ገዢው በዕድሜ የገፋ ሰው ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ወጣት በግዢ ቢሳሳት ሠርቶ ይተካዋል፤ ጡረታ የወጣ ሰው ግን የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አንድ ጊዜ ካጣ መልሶ የሚያገኝበት ዘመን የለውም። መኪናው በገደላማ መንገድ ላይ ፍሬን ቢያጣ ደግሞ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

እናንተ ተማሪዎች ዛሬ መኪና አትገዙ ይሆናል። ሆኖም አያታችሁ፣ ጎረቤታችሁ ወይም የአባታችሁ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ የእኔ ዐይን ደክሟል፤ እስቲ አብረኸኝ ሄደህ እይልኝ» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ታላቅ አደራ ነው። አደራውን ለመወጣት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በሥርዓት መጠየቅ፣ በጥሞና መመልከትና ያዩትን ሳይደብቁ መናገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። መኪና እንዲያው በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም፤ ጥሩ የሚባለው ለሚነዳው ሰው፣ ለሚሄድበት መንገድና ለሚጠግነው ባለሙያ የሚስማማ ሲሆን ነው። ለአንዱ በረከት የሆነ መኪና ለሌላው መከራ ይሆናል። የድሬዳዋን ከተማ በምሳሌነት ወስደን ይህን ነጥብ እንመርምር።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በደረሰባት ጊዜ ነው። ባቡሩ ወደ ሐረር መውጣት ነበረበት፤ ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪና ድካም ከባድ በመሆኑ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ አለፈ። በዚያው ግርጌ የተመሠረተችውም ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። እንግዲህ ባቡሩን የመለሰው ያ ተራራ ዛሬም በቦታው አለ። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር ወይም ወደ ቁልቢ የሚጓዝ መኪና 1,200 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ ተነሥቶ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው የሐረማያ አምባ ይደርሳል። ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ሁሉ ቁልቁለት ይወርዳል። በከተማይቱ ውስጥም በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ድሬዳዋ የሚኖር መኪና ሁለት ጠንካራ ፈታኞች አሉት፤ እነርሱም ሙቀትና ተራራ ናቸው።

አሁን ወደ አመራረጡ እንለፍ። የመጀመሪያው ተግባር መኪናውን ማየት ሳይሆን ሰውየውን መጠየቅ ነው። «የት የት ለመሄድ አስበዋል? ስንት ሰው ይጭናሉ? በሌሊት ይነዳሉ? ጉልበትዎን ወይም ወገብዎን ያምዎታል?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ከከዚራ ተነሥቶ ገበያና ሐኪም ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው የሚያስፈልገው መኪና፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ቤተሰቡን ይዞ ለገብርኤል ክብረ በዓል ወደ ቁልቢ ከሚወጣው ሰው መኪና ይለያል። ለፊተኛው አነስተኛ ሞተር ያላት መኪና ትበቃዋለች፤ ኋለኛው ግን አምስት ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ ጉልበት ያለው መኪና ይሻል።

የሰውነት ሁኔታም አይዘነጋ። መቀመጫው እጅግ ዝቅ ያለ መኪና ጉልበቱ ለሚያመው ሽማግሌ ለመውጣትም ሆነ ለመግባት ያስቸግራል። እጅግ ከፍ ያለውም እንደዚሁ ነው። መሪው ከባድ፣ ፍሪሲዮኑ ደንዳና ከሆነ በገበያ ቀን መንገዱ በባጃጅና በሰው ሲጨናነቅ እግርና ክንድ ይዝላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ይህን ድካም ያቀልላል፤ ነገር ግን ሲበላሽ ጥገናው ውድ ነው፤ የሚያውቀውም ባለሙያ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ገና ከዋጋው ክርክር በፊት መቀመጫው ላይ ይቀመጡ፤ በሩን ይክፈቱ፤ መሪውን ያዙሩ፤ አንገታቸውን አዙረው ወደ ኋላ ይመልከቱ። ለእናንተ የተመቸው ሁሉ ለእርሳቸው ይመቻል ብላችሁ አታስቡ።

ሁለተኛው ተግባር የመኪናውን ዓይነት መወሰን ነው። በዚህ ረገድ ወጣቶች ብዙ ጊዜ በመልክና በፍጥነት ይማረካሉ። ልባም ገዢ ግን የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ይህ መኪና ቢሰበር በከተማችን ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫውስ ከየት ይገኛል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ከሩቅ አይደለም። ፔዦ 404 የተባለው ፈረንሳይ ሠራሽ አውቶሞቢል በአገሩ በፋብሪካ የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ነበር። ይሁን እንጂ ምርቱ ከቆመ ከ40 ዓመት በኋላ እንኳ በጎረቤታችን በሐረር ከተማ በታክሲነት ሲያገለግል ታይቷል። ይህ የሆነው መኪናው ጠንካራ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። መካኒኮቹ አካሉን እንደ መዳፋቸው ስላወቁት፣ ከአንዱ አሮጌ የተፈታው ዕቃ ለሌላው ስለ ተረፈ፣ ሾፌሮቹም ጠባዩን ስለ ለመዱት ጭምር ነው። እንግዲህ የመኪና ዘላቂነት ግማሹ ከፋብሪካው፣ ግማሹ ደግሞ ከአካባቢው ባለሙያ የሚመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአገራችን ብዙ ሰው የቶዮታን መኪኖች የሚመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕቃቸው በየሱቁ ይገኛል፤ ጥገናቸውንም ብዙ መካኒክ ያውቀዋል።

ስለ ዘመኑ ሁኔታም ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ወደ አገር ሲገቡ ከአዳዲሶቹ ይልቅ ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ። በእነዚህ ምክንያቶች ቀደም ብለው የገቡት መኪኖች በአገር ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ ይፈለጋል። አንዳንዱ ሽማግሌ ደግሞ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ያምረው ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት አይለወጥለትም፤ ነዳጅም አይሻም። ሆኖም ዋናው ሀብቱ ባትሪው ነው። ባትሪ ደግሞ በዕድሜ ይደክማል፤ ብርቱ ሙቀትም ያን ድካም ያፋጥነዋል። ስለሆነም ባትሪው ሙሉ ሆኖ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ በመንገድ ላይ ሳይፈትኑ፣ በቤትም ኃይል መሙያ መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም።

ሦስተኛው ተግባር ኪስን መመርመር ነው። «ርካሽ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያታልላል። የመኪና ዋጋ በግዢው ዕለት የሚከፈለው ብር ብቻ አይደለም። ስም ማዛወሪያው፣ መድኑ፣ የዓመት ምርመራው፣ ጎማው፣ ነዳጁና ጥገናው ሁሉ ይደመርበታል። ጠቃሚው ልማድ ካለው ገንዘብ ላይ ለጥገና አስቀድሞ ማስቀረት ነው። አንድ ሰው 100 ብር ቢኖረው 80ውን ለመኪናው ከፍሎ 20ውን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥገና ያኑር እንደ ማለት ነው። ሁሉን አሟጦ የገዛ ሰው ጎማ መለወጥ ሲያቅተው መኪናውን በደጁ አቁሞ ይመለከተዋል።

የነዳጁንም ሒሳብ በወረቀት ላይ አስሉላቸው። አንዱ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ ሌላው 12 ሊትር ይፈጃል እንበል። ሽማግሌው በወር 500 ኪሎ ሜትር ቢነዱ የፊተኛው 40፣ የኋለኛው 60 ሊትር ይጠጣል። ልዩነቱ በዓመት 240 ሊትር ይሆናል። ይህን በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ ስታባዙት፣ በግዢው ዕለት «ረከሰ» የተባለው መኪና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከውዱ በልጦ ሊገኝ ይችላል።

አራተኛው ተግባር መኪናውን ቆሞ ሳለ መመርመር ነው። የቀድሞ ሰዎች በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን አይተው ዕድሜዋን ሳይገምቱ፣ አረማመዷንም ሳይፈትኑ ገንዘብ አይቆጥሩም ነበር። መኪናም እንዲሁ ነው። ለማየት በጠዋት፣ በብርሃን ሂዱ፤ ሞተሩም ሳይነሣ ቀዝቅዞ እንዲጠብቃችሁ ንገሯቸው። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር የመነሣት ችግሩን ይደብቃል።

በመጀመሪያ አካሉን ዙሩት። ቀለሙ በአንድ በኩል ከሌላው ከተለየ፣ በሮቹ ሲዘጉ ክፍተታቸው እኩል ካልሆነ፣ መኪናው ተጋጭቶ የተጠገነ መሆኑን ይጠቁማል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ሸፍናችሁ በአካሉ ላይ አስጠጉ፤ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ ስቱኮ በወፍራሙ የተለሰነበት ቦታ ሲደርስ ግን ይወድቃል። ከዚያም ጎማዎቹን ተመልከቱ። ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ የመሪው ወይም የእግሩ አካል ችግር አለበት ማለት ነው። በጎማው ጎን ላይ በመጨረሻ የታተሙት አራት አኀዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በሙቀት አገር የቆየ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይሰነጠቃልና ይህን ቁጥር ማንበብ ሕይወት ያድናል።

ቀጥሎ ኮፈኑን ክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ክፈቱ፤ በሞቀ ጊዜ የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ውኃው ዝገት ወይም የዘይት ቅባት ካለበት ነገሩ አሳሳቢ ነው። የዘይቱን መለኪያ መዝዛችሁ እዩ፤ ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታው ጥብቅነት ተበላሽቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ክዳኑም ቀላል ነገር አይደለም። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ያልተበላሸ ክዳን ግፊቱን አምቆ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ክዳኑ የላላ መኪና በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ደኅና መስሎ ደንገጎ ላይ ሲደርስ ሊፈላ ይችላል።

ሞተሩ ሲነሣ ወደ ጭስ ማውጫው ዞራችሁ የጭሱን መልክ ለዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቋረጥ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ያመለክታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን በጭፍን አትመኑት፤ ቁጥሩ ሊቀነስ ይችላልና። ቆጣሪው ጥቂት እያለ የፍሬኑ መርገጫ ላስቲክ ካለቀ፣ መሪው ከተላገ፣ መቀመጫው ከጎደጎደ እውነቱን የሚናገሩት እነዚህ ናቸው።

አንድ ተጨማሪ ምርመራ ደግሞ ለእኛ አገር ይገባል። ደጫቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲሞላ ግን ምሕረት የለውም። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ ቤትና ንብረት ጠርጓል። ጎርፍ የዋጠው መኪና ታጥቦ ቢያምርም የኤሌክትሪክ ሽቦው ቀስ በቀስ ይዝጋል። ስለዚህ ምንጣፉን ገልጣችሁ አሽትቱ፤ የመቀመጫውን ብሎኖች ተመልከቱ፤ በማይታጠብ ስርቻ ውስጥ ደለል እንዳለ ፈልጉ።

አምስተኛው ተግባር መኪናውን በመንገድ ላይ መፈተን ነው። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይንዳ፤ በመጀመሪያም በሜዳው ላይ በዝግታ ፍሬኑን ይሞክር። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከጎተተ፣ መርገጫው ወለል ድረስ ከወረደ፣ ወይም ሸራው ካለቀበት ድምፅ ከሰጠ ተራራ አይወጣበትም። ይህን ካለፈ በኋላ ብቻ ወደ ደንገጎ ዳገት ይውጣ። በዳገቱ የሙቀት መለኪያውን፣ የፍሪሲዮኑን አያያዝና የካምቢዮውን ድምፅ አስተውሉ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተራመደ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሲወርድ ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው እየተደረገ ይውረድ። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያግላል፤ እጅግ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ይህ ለሽማግሌውም የሚጠቅም ማሳሰቢያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መካኒክ ማስፈተሽ ያሻል። መካኒኩን የምትመርጡት እናንተ እንጂ ሻጩ ወይም ደላላው አይሁን፤ ክፍያውም መኪናው ቢገዛም ባይገዛም የማይለወጥ ይሁን። ድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ ለረጅም ዘመን ብዙ የብረት ባለሙያ ያፈራባት ከተማ ናት። ሽማግሌው ራሳቸው ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ወይም የእነርሱ ወዳጅ ሊሆኑ ይችላሉና «የሚያምኑት መካኒክ ማነው?» ብሎ እርሳቸውን መጠየቅ ይቀድማል።

ስድስተኛው ተግባር ወረቀቱን ማንበብ ነው፤ የተማሪ እርዳታ በይበልጥ የሚፈለገውም እዚህ ላይ ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። የሻጩ መታወቂያ ከሊብሬው ስም ጋር ይመሳከር። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑ ይረጋገጥ። መኪናው ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ የሌለበት መሆኑ መዝገቡን ከያዘው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይጠየቅ። የዓመቱ ምርመራ ቦሎም ይታይ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት እንዲኖር ስለሚያዝ የትዳር ጓደኛ ፊርማ ወይም ሻጩ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረትም የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና በመንገድ ላይ አይነዳም። ይህ ሁሉ ሳይሟላ፣ ውሉም በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፊት ሳይፈረም ቀብድ እንኳ ቢሆን መስጠት ጠንቅ ነው።

በመጨረሻ የምግባር ጉዳይ ይቀራል። ደላላው፣ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፤ ዛሬ ካልወሰናችሁ አመለጣችሁ» ማለቱ አይቀርም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን አስታውሱ። መኪና አይጠፋም፤ የጠፋ ጥሪት ግን አይመለስም። ያገኛችሁትን ጉድለት በሻጩ ፊት እየጮኻችሁ ሽማግሌውን አታሳፍሯቸው፤ ገለል አድርጋችሁ አንድ በአንድ ንገሯቸው እንጂ። ያላያችሁትን አይቻለሁ፣ ያልገባችሁን ገብቶኛል አትበሉ። መኪናው ልባቸውን የማረካቸው ቢሆንም እንኳ ፍሬኑ የማያስተማምን ከሆነ «አባባ፣ ይህ አይሆንም» ለማለት አትፈሩ፤ እውነትን መሸሸግ አክብሮት አይደለምና። ጉድለቱ ቀላል ሆኖ ምርጫው የአምሮት ብቻ ሲሆን ግን ፍርዱን ለእርሳቸው ተዉ። ገንዘቡ የእርሳቸው ነው፤ መሪውንም የሚጨብጡት እርሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ባጭሩ፣ ያገለገለ መኪና የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሰውየውን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ከዚያም የጥገናውን ነገር ይጠይቃል፤ መኪናውን ቆሞ ሳለና ሲሄድ ይፈትናል፤ ወረቀቱን ያነባል፤ በመጨረሻም ሳይቸኩል እንዲወሰን ያግዛል። በዚህ ሥርዓት የተገዛ መኪና ከሁሉ የሚያምረው ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ጠዋት ሲያስነሡት ይነሣል፤ ከቁልቢ ሲመለሱም የደንገጎን ቁልቁለት በሰላም አውርዶ ሽማግሌውን ከቤታቸው ያደርሳል። ከመኪና የሚፈለገውም ይኸው ነው።